የዳክዬዋ ካርድ

በዚያ ቤት ውስጥ ካርድ ያልታሰረለት ዕቃ አልነበረም። የእንጨት ኩቦቹ ሠላሳ ስድስት ናቸው፤ ቅርጫታቸው ላይ ፎቶግራፋቸው ተለጥፏል፣ ከፎቶው ሥር ካርድ በክር ተንጠልጥሏል፣ ካርዱ ላይ «36» ተብሎ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። የጨርቅ አሻንጉሊት ዘጠኝ፣ መኪና አሥራ አንድ፣ ተደራራቢ ቀለበት ሰባት፣ ቢጫ ወንበር ስምንት። ኳሷ እንኳን ብቻዋን ቅርጫት ተሰጥቷት «1» የሚል ካርድ ታስሮላታል፤ አንዲት ኳስ ባትቆጠር ሁለት ትሆን ይመስል! የሰፈሩ ሰው ይህን ባየ ቀን እስኪበቃው ስቆ ሴትዮዋን «እትዬ ቁጥር» ብሎ ሰየማት፣ ስሟም በዚያው ቀረ።

እትዬ ቁጥር ሳቅ የሚፈታት ሴት አልነበረችም። አሥራ ሰባት ዓመት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆና ስትሠራ አንዲት ፓኮ መርፌ ጎድሎባት አያውቅም ይባላል። ፋብሪካው ሲዘጋ ሌላው ሠራተኛ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ወጣ፤ እሷ ከምስክር ወረቀቷ ሌላ አንድ ካርቶን ሙሉ ያልተጻፈበት የዕቃ ካርድ ተሸክማ ወጣች። «ይኼ ደግሞ ምን ሊረባሽ?» ሲሏት «ሥራ አይጠፋለትም» አለች። ሥራ የጠፋው ለካርዱ ሳይሆን ለእሷ ነበር። ስምንት ወር ቤት ተቀመጠች። ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ቤት የሚያድረው በወር ሁለት ሦስት ቀን ቢሆን ነው። ከአማቷ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ግድግዳ ማየት ሲያንገፈግፋት ነው ቤቷን የሕፃናት ማቆያ የማድረግ ሐሳብ የመጣላት።

ሐሳቡ ከመጣ በኋላ ያቺን ሴት የሚያቆማት አልተገኘም። የጠረጴዛውን ማዕዘን ሁሉ በስፖንጅ ሸፈነች። መደርደሪያዎቹን ሕፃን ቢንጠላጠልባቸው እንዳይወድቁ ከግድግዳ ጋር በብሎን አሰረች። መድኃኒቱን፣ መቀሱን፣ የልብስ ሳሙናውን ከራሷ ቁመት በላይ ሰቀለች። የሶፍት ካርቶን ቱቦ ይዛ እያንዳንዱን አሻንጉሊት በቀዳዳው ሞከረችው፤ በቱቦው ያለፈ ሁሉ ከሕፃን ጉሮሮ ይገባልና ወደ ቆሻሻ ሄደ። ፀሐይ የሚገባው መኝታ ቤት የአማቷ ነበር፤ እሱን የልጆች መኝታ አደረገችውና አሮጊቷን ከነአልጋቸው ወደ ጓሮዋ ጠባብ ክፍል አዛወረቻቸው። እሳቸውም «ፀሐይዋን ለልጆቹ መርቄያለሁ» ብለው ምርኩዛቸውን ይዘው ሄዱ፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም።

የተናገሩት ነገር ቢኖር ስለ ባትሪ ነበር። አሮጊቷ ጆሯቸው የሚሰማው በመስሚያ መሣሪያ ነው፣ መሣሪያዋ የምትሠራው የሸሚዝ ቁልፍ በምታክል ክብ ባትሪ ነው፣ ባትሪዋ ደግሞ ካለቀች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። መጀመሪያ የጠየቋት መደርደሪያ ስታስር ነበር፤ በእጇ «ነገ» ብላ ምልክት ሰጠቻቸው። ሁለተኛ ግድግዳ ስትቀባ ጠየቋት፤ «ነገ እማማ፣ ነገ» አለቻቸው፣ እንደማይሰሟት እያወቀች። ሦስተኛው ትናንት ማታ ነው፤ ያን ጊዜ ካርዶቹን ጭኗ ላይ ከምራ ስለነበር ቀናም አላለች።

ምክንያቱም የፈቃድ ተቆጣጣሪዋ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ትመጣለች። ካለፈች ማቆያው በሚቀጥለው ሳምንት ይከፈታል፤ አራት እናቶች ቃል ገብተው ይጠብቃሉ። ከወደቀች የሚቀጥለው ተራ ከስድስት ወር በኋላ ነው፣ እናቶቹም እስከዚያ አይጠብቁም። እስካሁን በእጇ ያለው አንድ ሕፃን ብቻ ነው፤ ማዶ ያለችው ፀጉር ሠሪ ልጅ፣ ዓመት ከመንፈቁ፣ ጉንጩ ሁለት ልጅ የሚያክል፣ ስሙን ትቶ «ድንቡሼ» ሲሉት የሚዞር። እናቱ ለማላመድ ብላ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ እየተወችው ትሄዳለች።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ድንቡሼ ምሳውን በልቶ ተኝቷል። እትዬ ቁጥር የመጨረሻ ዙሯን ጀመረች። ኩብ ሠላሳ ስድስት፣ ልክ። መኪና አሥራ አንድ፣ ልክ። ዳክዬዋ ጋ ደረሰች። ዳክዬዋ ሆዷን ሲጫኗት የምትዘፍን ቢጫ ዳክዬ ናት፤ ድንቡሼ በጠዋት መጀመሪያ የሚሮጠው ወደሷ ነው። ሆዷን ተጫነችው። ዝም። ደገመችው። ዝም። ጠዋት ልጁ ሲጫወትባት ዘፍና ይሁን አይሁን በዝግጅቱ ጥድፊያ ልብ አላለችም።

ገለበጠቻት። የባትሪው ክዳን ላላ ብሏል፣ ብሎኑ የለም። ክዳኑ በጥፍሯ ሲነካ ተከፈተ። ውስጡ ሦስት ጉድጓድ አለ፤ ሁለቱ ላይ ባትሪ አለ፣ ሦስተኛው ባዶ ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሥልጠና ስትወስድ ነርሷ ስለዚህች ባትሪ ያለችውን በደብተሯ ጽፋ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች፦ ሕፃን ከዋጣት ጉሮሮ ላይ ተጣብቃ ታቃጥላለች፣ ሁለት ሰዓት አትታገስም፣ ልጁ ላያለቅስ ይችላል። ላያለቅስ ይችላል የሚለው ነው ያስፈራት። የሚያለቅስ ልጅ ቢያንስ ይናገራል።

ምንጣፉን ገልባ አየች። ሶፋውን ጎትታ አየች። ወለሉን በእጇ ዳበሰችው፤ መደርደሪያው እግር ሥር ብሎኗን አገኘቻት፣ ባትሪዋን ግን አላገኘችም። ወደ መኝታ ቤት በጣቷ ጫፍ ገብታ በልጁ ላይ ጎነበሰች። ይተነፍሳል። አገጩ ላይ ምራቅ አለ። ሕፃን ሲተኛ ምራቁ ይወርዳል፣ ይህ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም፤ ግን ነርሷ ስለ ምራቅም የሆነ ነገር ብላ ነበር። ዳይፐሩን ፈታ አየች። ኪሱን አየች፤ የሕፃን ልብስ ኪስ ለጌጥ እንጂ ዕቃ እንደማይዝ እያወቀች አየች።

ከዚያ ወደ ዳክዬዋ ተመልሳ ካርዷን አነበበች። «ባትሪ 3። ብሎን ጠብቋል።» ፊት ለፊቱ የራሷ የእጅ ምልክት አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን አንብቦ «እንግዲያው እኔ አጥብቄው ነበር» ብሎ ይጽናና ነበር። እሷ ግን ያንን ምልክት እንዴት እንዳደረገችው ታውቃለች። ትናንት ማታ ሠላሳ አንዱንም ካርድ ጭኗ ላይ አድርጋ በአንድ ቁጭታ ምልክት አደረገችባቸው፤ ካቻቪቴውን ያነሳችው ከዚያ በኋላ ነው። ዳክዬዋን ከፍታ በአልኮል ጠርጋታለች። መሃል ላይ ስልክ ተደወለ፣ የተቆጣጣሪዋ ቢሮ ሰዓቱን ሊያረጋግጥ። ከስልኩ በኋላ ብሎኗን አጠበቀቻት ወይስ ዳክዬዋን ዝም ብላ ቅርጫቷ ውስጥ ወረወረቻት? አታስታውስም። እንዳታስታውስ ያደረጋት ራሱ ምልክቱ ነው፤ ምልክት የተደረገበትን ነገር ሰው ለምን ያስታውሳል?

ይህ የግምጃ ቤት በሽታ ነው። ኦዲተር በሚመጣ ዋዜማ መጀመሪያ ካርዱ ይሞላል፣ ከዚያ መደርደሪያው ካርዱን እንዲመስል ይደረጋል። «ካርዱ ከሞላ ግምጃ ቤቱ ሞልቷል» ይል ነበር የድሮ አለቃዋ። አንዲት ፓኮ መርፌ ጎድሎባት አያውቅም የሚባለውም እውነቱ ይኸው ነው፤ ጎድሎባት ያውቃል፣ ግን ከሌላ ሣጥን ተበድራ ሞልታዋለች። የጠፋ መርፌ ግን ሕፃን ጉሮሮ ውስጥ አይገኝም፤ ፋብሪካው ውስጥ ሕፃን አልነበረም።

አሁንም እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ ሄደ። «የተበላሸ» የሚል ካርድ ያለበት ካርቶን ውስጥ አንድ የአሻንጉሊት ስልክ አለ፤ ከሱ አንድ ባትሪ አወጣች፣ ልክ ያው መጠን ናት። ዳክዬዋ ሆድ ውስጥ ከተተቻት። ብሎኗን አጠበቀች። ሆዷን ስትጫነው ዳክዬዋ ምንም እንዳልሆነ ሰው ዘፈነች። እትዬ ቁጥር ላብ አጥምቋት ግድግዳውን ተደገፈች፣ ቀስ ባለ ድምፅ «ጌታዬ፣ ዛሬን ብቻ አሳልፈኝ» አለች።

ከጓሮ ክፍል «አሜን!» የሚል ድምፅ መጣ።

እሷ ግን ልብ አላለችውም፤ የበሩ ደወል በዚያው ቅጽበት ጮኾ ነበር። ተቆጣጣሪዋ ሃያ ደቂቃ ቀድማ መጥታለች።

ተቆጣጣሪዋ ቀጭን፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የምታኖር፣ ጫማዋን ሳትጠየቅ በር ላይ የምታወልቅ ሴት ናት። ከቦርሳዋ የራሷን የፕላስቲክ ቱቦ አወጣች፣ ቅጿን ክንዷ ላይ ዘረጋች፣ ቤቱን በቀኝ ጀምራ ዞረች። መደርደሪያውን ነቀነቀችው፤ ንቅንቅም አላለም። የመሰኪያዎቹን ክዳን በጣቷ ሞከረች። መስኮቱን ከፍታ ዘጋች። ሰባቱንም ቀለበት ብትሞክር አንዱም በቱቦዋ አላለፈም።

«ይህን ካርድ ማን አስተማረዎት?» አለች ቅርጫቶቹን እያየች።

«የድሮ ሥራዬ ነው። ግምጃ ቤት።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት ስዞር እንዲህ ያለ ቤት አላየሁም። ሰው አሻንጉሊቱን በማዳበሪያ አጉሮ ነው የሚጠብቀኝ።»

በሌላ ቀን ቢሆን እትዬ ቁጥር በዚህ ቃል ዓመት ትኖርበት ነበር። አሁን ጆሮዋ ያለው መኝታ ቤቱ ጋ ነው። ድንቡሼ ነቅቶ አሳለ። አንዴ፣ ከዚያ ሁለቴ። ይዛው መጣች፤ ትከሻዋ ላይ ተለጥፎ ዓይኑን ያሻል። ጡጦውን ስትሰጠው አንገቱን አዞረ። ደግማ ሰጠችው፤ በእጁ ገፋው። ድንቡሼ ውኃ ገፍቶ የማያውቅ ልጅ ነው።

«ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አለ?» አለች ተቆጣጣሪዋ እየጻፈች።

«አማቴ አሉ፣ ጓሮ ክፍል። ጆሯቸው አይሰማም። ከልጆቹ ጋር ምንም ሥራ የላቸውም።»

ተቆጣጣሪዋ ጻፈች። ከዚያ ዳክዬዋን አነሳች። ገልብጣ ክዳኑን በጥፍሯ ሞከረችው፤ ጥብቅ ነው። ሆዷን ተጫነችው፣ ዳክዬዋ ዘፈነች። ድንቡሼ ድምፁን ሲሰማ ፊቱን አዞረና ሊስቅ አፉን ከፍቶ፣ ሳቁ ሳል ሆነበት።

«ባትሪ ሦስት፣ ብሎን ጠብቋል» ብላ ተቆጣጣሪዋ ካርዱን ጮክ ብላ አነበበች። «ስንቱ ቤት ነው ይህን የሚያስበው! ባለፈው ዓመት በዚህች ባትሪ የደረሰውን ቢያውቁ...» መነጽሯን ከፀጉሯ ወደ ዓይኗ አወረደች፣ ቅጹን ወደ መጨረሻው ገጽ ገለበጠች። «እንግዲህ ፊርማዬን ላኑርልዎት።»

እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊነካ ነው። እትዬ ቁጥር አራቱን እናቶች አሰበች። ስምንቱን ወር አሰበች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱ «ሦስት» ይዞ አይለቅም፣ እሷም ወረቀቱን ይዛ ቆማለች፣ እላይዋ ላይ ደግሞ የሰው ልጅ ይስላል።

«ቆይ፣ አይፈርሙ» አለች።

«ምነው?»

«ካርዱ ውሸት ነው። ከዳክዬዋ አንድ ባትሪ ጠፍቷል። እዚያ ውስጥ ያለችውን እኔ ነኝ ከሌላ አምጥቼ የሞላኋት። የጠፋችው ባትሪ የት እንዳለች አላውቅም። ልጁ ጠዋት ሲጫወትባት ነበር።»

ተቆጣጣሪዋ እስክሪብቶዋን ከደነች። ስትናገር ሌላ ሰው ሆና ነበር። «ያወቁት መቼ ነው?»

«ከስምንት ሰዓት በኋላ።»

«ለእናቱ ደወሉ?»

«አልደወልኩም።»

«መኪናዬ በር ላይ ናት። ልጁን እንደያዙት ይምጡ። ምንም እንዳያጎርሱት፣ ምንም እንዳያጠጡት። እናቱን እየሄድን ይደውሉላት።»

እትዬ ቁጥር ጫማዋን እንኳን አልቀየረችም። መኪናው ውስጥ ድንቡሼን ደረቷ ላይ አጥብቃ ስልኩን በአገጯ ይዛ፣ ለፀጉር ሠሪዋ «ልጁ ባትሪ ሳይውጥ አልቀረም» የሚለውን ቃል አወጣችው። ከወዲያ በኩል የፀጉር ማድረቂያው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ድንገት ጠፋ። «የት?» ብቻ አለች እናቱ።

ክሊኒኩ ሲደርሱ ልጁን ተቀብለው ወደ ራጅ ክፍል አስገቡት። ፀጉር ሠሪዋ ሽርጧን እንደታጠቀች፣ አንድ እጇ ላይ ቀለም የነካው ጓንት እንዳለ ሮጣ ገባች። ልጇ እንደሌለ አይታ እትዬ ቁጥር ፊት ቆመች።

«ስንት ሰዓት ሆነው?»

«እኔ ካወቅኩ አንድ ሰዓት ሆኖታል።»

«አንድ ሰዓት?» ፀጉር ሠሪዋ ቃሉ የሚገባት አልመሰለችም። «አንድ ሰዓት ሙሉ ምን ስትሠሪ ነበር፣ እትዬ?»

መዋሸት ይቻል ነበር፤ እየፈለግሁ ነበር ማለት ይቻል ነበር፣ ግማሹም እውነት ነው። «ዳክዬዋን እየሞላሁ» አለች።

ፀጉር ሠሪዋ አልጮኸችም፣ አልተማታችም። ጓንቱን ከእጇ ቀስ ብላ አወለቀችው፣ ፊቷን ወደ ራጅ ክፍሉ በር አዞረች፣ ከዚያ በኋላም አላየቻትም። እትዬ ቁጥር ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ አሁን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የበር እጀታ ማየት ብቻ ነው የቀረው። ተቆጣጣሪዋ አጠገቧ ተቀምጣለች፤ እሷም የበሩን እጀታ ታያለች።

በሩ ሲከፈት ሁለቱም አንድ ላይ ተነሱ። የክሊኒኩ ሐኪም ወጣ፣ ፎቶውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያዘው። «ጉሮሮ ላይ የለም። ደረት ላይ የለም። ሆድ ውስጥም የለም» አለ። «ይህ ልጅ ጉንፋን ይዞታል። ጉሮሮው ስለቀላ ነው ውኃ የገፋው።»

እትዬ ቁጥር አለቀሰች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ እንደ ልጅ ንፍጧን በእጅጌዋ እየጠረገች። ፀጉር ሠሪዋ ድንቡሼን ተቀብላ አንገቱ ሥር ፊቷን ቀብራ ረጅም ጊዜ ቆየች። ከዚያ ወደ መውጫው አመራች። እትዬ ቁጥር አጠገብ ስትደርስ ሳትቆም «ቦርሳውን ነገ ጠዋት እወስዳለሁ» አለች።

ተቆጣጣሪዋ ወደ ቤት ይዛት ተመለሰች፤ ቦርሳዋም ቅጿም እዚያው ቀርተዋልና። መንገዱን ሙሉ የተናገረችው አንድ ነገር ነው፦ «ባትሪዋ ሳትገኝ ያ ቤት ለማንም ልጅ አይከፈትም።»

በሩ ጋ ሲደርሱ አሮጊቷ ደጁ ላይ ተቀምጠዋል። የተቀመጡት ከስምንቱ የልጆች ቢጫ ወንበሮች በአንዷ ላይ ነው፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ምንም አልቀረው። ምርኩዛቸው ጭናቸው ላይ ተጋድሟል። ምራታቸውን ሲያዩ ልጁን በዓይናቸው ፈለጉት፣ ሲያጡት ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ልጁስ?» ብለው ጮኹ።

«ደህና ነው እማማ፣ ደህና ነው!»

አልሰሙም። እትዬ ቁጥር ራሷን ነቀነቀች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ፈገግ ለማለት ሞከረች። አሮጊቷ ያን ጊዜ ገባቸው፤ ትንፋሻቸውን አወጡ፣ የጨበጡትን ቀኝ እጃቸውን ዘረጉና ከፈቱት። መዳፋቸው ላይ አንዲት ክብ ባትሪ አለች።

«ልጁ ሆድ ውስጥ አይደለችም፣ እኔ ጋ ናት!» አሉ፣ የማይሰማ ሰው እንደሚናገር ከፍ አድርገው። «ማለዳ፣ ልጁ ሳይመጣ ነው የወሰድኳት። በሰንጢዬ ጫፍ ፈታሁት፣ ብሎኗ ከእጄ አምልጣ ወደቀች፣ ዓይኔ ደግሞ አላገኛትም። ሦስት ጊዜ ነገርኩሽ ልጄ። ዳክዬ ከምትዘፍን እኔ ብሰማ ይሻላል አልኩ። ደግሞ ሠራችልኝ! የዳክዬ ባትሪ ለሰው ጆሮ ትሆናለች ብሎ ማን ያስባል?»

እትዬ ቁጥር አፏን ከፍታ ቀረች። ያ «አሜን» አሁን ነው የደረሳት።

«ስትወጡ ባትሪ፣ ባትሪ ስትዪ ሰማሁ» አሉ አሮጊቷ። «ምርኩዜን ፈልጌ እስክደርስ መኪናው ሄዷል። ስልክ የለኝ፣ ምን ላድርግ? ከጆሮዬ አውጥቼ ይዣት ተቀመጥኩ፣ ስትመጡ ቶሎ እንድታያት።» ድምፃቸውን ዝቅ ለማድረግ ሞክረው አልሆነላቸውም፣ መንገደኛው ሁሉ ሰማ። «ከልጆቹ ጋር ሥራ የላቸውም ያልሽውንም ሰምቻለሁ።»

«ይቅር በሉኝ እማማ» አለች እትዬ ቁጥር።

«ምን?» አሉ አሮጊቷ፣ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው።

ተቆጣጣሪዋ እያየች እትዬ ቁጥር መሬቱ ላይ በጉልበቷ ተንበረከከች። ባትሪዋን ከመዳፋቸው አነሳች፣ መሣሪያዋን ከኪሳቸው አወጣች፤ ሁለት ጊዜ ሳተች፣ በሦስተኛው ባትሪዋ ቦታዋን ያዘች። ነጠላቸውን ገለጥ አድርጋ መሣሪያዋን ጆሯቸው ላይ አኖረች። መሣሪያዋ ሲጥ አለች፣ ከዚያ ዝም አለች።

«ይቅር በሉኝ እማማ።»

«ሰማሁ» አሉ አሮጊቷ። «አትጩኺ።»

ተቆጣጣሪዋ ቅጿን ከውስጥ አምጥታ በሩ ላይ ቆማ ረጅም ነገር ጻፈች፣ ከዚያ ሳትፈርም አጠፈችው። «ዛሬ አልፈርምም» አለች። «ግን ስድስት ወርም አላቆይዎትም። በሚቀጥለው ወር በዚሁ ቀን እመጣለሁ። በባትሪ የሚሠራ አሻንጉሊት አንድም እንዳላይ። የእናታችንን ባትሪ ደግሞ ከመድኃኒቱ ጋር ከላይ ያኑሩት። ካርዱንም ይተዉት፣ እኔ የማየው ዕቃውን ነው።» ጫማዋን እያሰረች ወደ አሮጊቷ ቀና አለች። «ስለ እርስዎ የተጻፈውንም እሰርዘዋለሁ።»

እሷ እንደሄደች እትዬ ቁጥር ሱቅ ወጣች። ለመስሚያ መሣሪያ የሚሆነው ባትሪ ማዕዘኑ ላይ ካለው መድኃኒት ቤት ተሰቅሎ ይሸጣል፤ ሄዳ ለመመለስ አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያጣችው አሥር ደቂቃ ይኸው ነው። ማታ ለፀጉር ሠሪዋ ደውላ ከካርዱ ምልክት ጀምሮ እስከ አሮጊቷ መዳፍ ያለውን አንድም ሳትቀንስ ነገረቻት። ፀጉር ሠሪዋ እስከ መጨረሻው ሰማቻት፤ «እሺ» ብላ ዘጋች። እሺ ምን ማለት እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

በማግሥቱ ጠዋት የድንቡሼ ቦርሳ ተዘጋጅቶ፣ ጡጦው ታጥቦ፣ ቅያሪ ልብሱ ተተኩሶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። እትዬ ቁጥር ሌሊቱን የአማቷን አልጋ ፀሐይ ወደሚገባው ክፍል መልሳዋለች፤ ልጆች ቢመጡ የት እንደሚተኙ ገና አላወቀችም። ቅርጫቶቹ ፎቶ እንጂ ካርድ የለባቸውም። ወጥ ቤት ገብታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች፣ ማንኳኳቱን ላለመጠበቅ ብላ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

«በር ተንኳኳ» አሉ አሮጊቷ ከሳሎን።

«እኔ አልሰማሁም።»

«እኔ ሰምቻለሁ። ክፈቺ።»

እጇን ሳትጠርግ ከፈተች። ፀጉር ሠሪዋ ዓይኗ አብጦ፣ ድንቡሼን ታቅፋ ቆማለች። ልጁ አፍንጫው ይፈስሳል፣ ወደ ውስጥ ለመሄድ ይንፈራገጣል። እናቱ ቦርሳውን አየችው። በሩ ላይ ቆማ ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ እትዬ ቁጥርን አልፋ ወደ ሳሎኑ ገባች፣ አሮጊቷ ፊት ጎንበስ አለችና ልጁን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችው።

«ለእርስዎ ነው የምሰጠው፣ እማማ» አለች። «ይሰማሉ አይደል?»

«እሰማለሁ ልጄ» አሉ አሮጊቷ።

ፀጉር ሠሪዋ እንደመጣችው ወጣች፤ ሥራዋ ረፍዶባታል። ቦርሳው እዚያው በሩ አጠገብ ቀረ።